ፊሽካውን ከመስጠታችሁ በፊት

ዛሬ የበረኞች ልምምድ ቪዲዮ ልለቅ ነበር። ትናንት ሜዳ ላይ ያየሁት ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ስላደረ መጀመሪያ እሱ ይውጣልኝ። ረዘም ይላል። የቸኮለ ይለፈው፤ «ኮች አሳጥረው» የሚል ኮሜንት ግን እንዳላይ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቆቦ። የጥቅምት ፀሐይ አፈር ሜዳውን እንደ ምጣድ አግላዋለች። ሃያ ሁለት ልጆች፣ ትልቁ 16 ዓመት ቢሞላው ነው፣ የሜዳውን ጠርዝ ይዘው ይዞራሉ። ኳሶቹ መረብ ውስጥ እንደታሰሩ ናቸው። ውሃ የሚባል ነገር የለም። ፊሽካ የያዙት ሰውዬ በአንድ ወቅት በትልቅ ክለብ መለያ የተጫወቱ ናቸው፤ ስማቸውን ብጠራው ግማሻችሁ ታጨበጭባላችሁ። አልጠራውም። ጠቤ ከእሳቸው ጋር አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ለምን እንዳልሆነ ይገባዋል።

በ14ኛው ዙር አንድ ልጅ ተንገዳገደና በጉልበቱ ተደፋ። ሮጬ ደረስኩ። ቆዳው ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። ላብ የለውም! ሙያው ያላችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቁ አላብራራም። ጥላ ሥር አስገብተን፣ ከሰው ጠርሙስ ለምነን አናቱንና ብብቱን አርሰን፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። መንገድ ላይ ትንሽ ነቃ ሲል «ምን በላህ?» አልኩት። «ጥንቅሽ» አለኝ። ከንጋት ጀምሮ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ግሪሳ ሲያባርር ነው የዋለው። ከማሽላው ማሳ በቀጥታ ወደ ሜዳ።

ስመለስ ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ተው ልጄ፣ አትቆጣ፤ እሱ እኮ ተጫውቶ ያሳለፈ ነው፤ ከአንተ ያውቃል» አሉኝ።

አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው።

በዚህ ሰሞን ደግሞ በየግሩፑ «ታላቅ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ ሊሆን አይችልም፤ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ፖስተር ይዞራል። የቱ ጥናት? ማን አጠናው? ማንም አይጠይቅ፣ ሁሉም ሼር ያደርጋል። አንዱ ወገን «ኮከብ ከሆነ ያውቃል» ይላል፣ ሌላው «ኮከብ ከሆነ አይችልም» ይላል። ሁለቱም ከማሰብ የሚያሳርፉ ናቸው። ኮከብ የነበረ ሰው አሰልጣኝ መሆን ይችላል። የሚሆነው ግን ኮከብ ስለነበረ አይደለም። በቁጥር ላስቀምጠው፦

1. ስም የሚገዛልህ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይገዛልህም።

ካሳዬ አራጌን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው አማካይ ነበር። ከአሜሪካ ተመልሶ በ2012 ቡናን ሲረከብ በረኛው ሳይቀር ኳስ በአጭር ቅብብል ይጀምር አለ። በገዛ ሳጥንህ ውስጥ፣ ተጋጣሚ አጥቂ እየመጣብህ! ስም የሌለው አሰልጣኝ ይህን ቢሞክር በሦስተኛው ጨዋታ ሻንጣውን ያስይዙት ነበር። ካሳዬን ደጋፊው ታገሠው። በ2013 ውድድሩ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ እዚህ ቆቦ ቡና ቤት ተቀምጠን አየነው፦ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ግን ሥዩም ከበደ የሚያሠለጥነው ፋሲል ከነማ ወሰደው፤ ቡና ሁለተኛ ሆነ። ተሳካለት ወይስ አልተሳካለትም? እንደምትቆጥሩት ነው። እኔ የምለው፣ ስሙ ጊዜ ገዛለት፣ በጊዜው ውስጥ ደግሞ የሚሠራው ሐሳብ ነበረው። ሐሳብ የሌለው ኮከብ የተገዛለትን ጊዜ በትዝታ ይጨርሰዋል።

2. ኮከቡ የሚያውቀውን፣ እንደሚያውቀው አያውቀውም።

ይህን በዓይኔ ነው ያየሁት። ባለፈው ሳምንት እኚሁ ፊሽካ የያዙት ሰውዬ ለአንድ አማካይ ልጅ ኳስ ተቀብሎ መዞርን ሲያሳዩት ቆሜ አይ ነበር። «እንዲህ» አሉና ዞሩ። ልጁ ሞከረ፣ ተነጠቀ። «አይደለም፣ እንዲህ!» ደግመው ዞሩ፣ እንደ ቅቤ። ልጁ አሁንም ተነጠቀ። በሦስተኛው «ይሄ ልጅ ኳስ አይገባውም» አሉ። እኔ በስልኬ ቀርጬ ነበር። ማታ አዘግይቼ ሳየው ሰውዬው ኳሷ ከመድረሷ በፊት ሁለት ጊዜ ከትከሻቸው በላይ ወደ ኋላ ያያሉ። ልጁ አንድም ጊዜ አያይም፤ ዓይኑ ኳሷ ላይ ተሰክቷል። በማግስቱ «ጋሼ፣ ኳስ ሲመጣልዎ ምን ያያሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኳሷን ነዋ!» አሉኝ። አልዋሹም። ሃያ ዓመት ሲያደርጉት ስለኖሩ ማድረጋቸውን ረስተውታል። ማስተማር ማለት ደግሞ የረሳኸውን ነገር ፈልገህ አግኝተህ፣ ስም ሰጥተህ፣ ለሌላ ሰው ማቀበል ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ቶሎ የሚያገኘው ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኖረው ነው፤ እሱ ሁሉንም በልፋት ስለተማረው እያንዳንዷን ደረጃ ያስታውሳታል።

3. ዙር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኔ ቁስል እዚህ ነው።

ኳስ ተጫዋች ዙር በማዞር አይሠራም። ጨዋታ ውስጥ ማንም 14 ጊዜ በአንድ ፍጥነት ሜዳ አይዞርም። ትሮጣለህ፣ ትቆማለህ፣ ትዞራለህ፣ ትገፋለህ፣ ትወስናለህ። አራት ለአራት በጠባብ ሜዳ፣ አራት ደቂቃ ጨዋታ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ ይህን አራት ጊዜ ደጋግመህ አጫውት፤ ትንፋሹም ይሠራል፣ እግሩም ይሠራል፣ ጭንቅላቱም አብሮ ይሠራል። ኳስ ይዘህ መጥተህ መረብ ውስጥ አስረህ አስቀምጠህ ልጅ የምታዞረው ለምንድን ነው? መልሱን ልንገራችሁ፦ ለማዞር ዝግጅት አያስፈልግማ! ደብተር አያስፈልግ፣ ኮን መደርደር አያስፈልግ፣ ፊሽካና ሰዓት ይበቃል።

ሰውዬውን ስጠይቃቸው «እኛን ጃንሜዳ እንዲህ ነው የሠሩን» አሉኝ። እሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጭጋግ አለ፣ አፍህ ይጨሳል። ቆቦ ከ1,500 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግመሎቹ እንኳ ጥላ ይፈልጋሉ። እዚያ ያጠነከረህ ሩጫ እዚህ ሰው ይደፋል። ሩጫው አንድ ነው፣ አየሩ ግን አንድ አይደለም፣ ሰዓቱም አንድ አይደለም፣ የልጁም ሆድ አንድ አይደለም። የክለብ ተጫዋች ካምፕ ውስጥ በልቶ፣ ተኝቶ ይመጣል። የኛ ልጅ ከማማ ወርዶ ይመጣል።

ቀጠሉና «ሠላሳ ሆነን ጀምረን አራታችን ነን የደረስነው» አሉኝ፣ በኩራት። ለእሳቸው ይህ የአሠራሩ ማስረጃ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስቱን ነው የምቆጥረው። የት ሄዱ? ስንቱ ጉልበቱን ሰበረ፣ ስንቱ አስታውኮ ጫማውን ሰቀለ፣ ከመካከላቸው ስንት የተሻለ ተጫዋች ነበር? የደረሰው ብቻ ስለሚጠየቅ አሠራሩ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል። የወደቁት ኢንተርቪው አይሰጡም።

ሌላው ደግሞ ታሪካችንን ራሱ አናነበውም። መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የለም፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽን 4 ለ 2 ስናሸንፍ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ ነው፣ በአፍሪካ ዋንጫ በድምሩ 10 ጎል አለው። በ1974 አሰልጣኝ ሆኖ ቡድናችንን ወደ ሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ ይዞ ሄደ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጣን። ያ ሁሉ ጎል ያገባ ሰው የመራው ቡድን በሦስት ጨዋታ አንድም ጎል አላገባም። «አያችሁ፣ ኮከብ አይችልም» የሚል አሁን ዘሎ ይመጣል። ቆይ! ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል። እዚያ ማድረሱ ራሱ ሥራ ነበር። ጎል የማግባት ችሎታውን ግን በመርፌ ወግቶ ለማንም ሊሰጥ አይችልም። በ1954 ያንን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሠለጠነው ማን ነበር? ይድነቃቸው ተሰማ፣ እሱም የቅዱስ ጊዮርጊስ ኮከብ። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ሁለት ኮከቦች፣ ሁለት የተለያየ ውጤት። እንግዲህ ፖስተሩን የት ልለጥፈው?

የቅርቡን ከፈለጋችሁ ገብረመድህን ኃይሌ አለላችሁ። እሱም በጊዜው ተጫዋች ነበር። በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታን፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን አደረገ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ሰው ሲያወራለት ግን በተጫዋችነቱ ምን እንዳደረገ ሳይሆን ተከላካዮቹን እንዴት እንደሚያቆም ነው የሚያወራው። ይኸው ነው ልዩነቱ።

የውጭውን በችኮላ፦ ዚዳን ሦስት ተከታታይ የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ከማንሳቱ በፊት የአንቼሎቲ ረዳት ነበር፣ ከዚያ የሪያል ማድሪድን ሁለተኛ ቡድን ያዘ። ጋርዲዮላም የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን በአራተኛው ሊግ አሠልጥኖ ነው የመጣው። ፒርሎን ግን ጁቬንቱስ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣቶች ቡድን አሰልጣኝ ብሎ ሾሞት፣ በዘጠነኛው ቀን ዋናውን ቡድን አስረከበው፤ በዓመቱ ዘጠኝ ዓመት የቆየው የዋንጫ ሰንሰለት ተበጠሰና ተሰናበተ። ማራዶናን የሚያህል ተጫዋች አልተፈጠረም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ግን ጀርመን 4 ለ 0 ሸኘችው። ሳኪ ደግሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆኖ አያውቅም፣ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ሚላንን ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገ። ጥያቄው «ተጫውቷል ወይ?» ሳይሆን «ከተጫወተ በኋላ የት ተማረ?» ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ፤ መማሪያውስ የት አለ? እኔ የካፍ ሲ ላይሰንስ ለመያዝ ምን ያህል በር እንዳንኳኳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) ለኮርስ ስም ላኩ ሲባል ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አሳድሮ፣ በመጨረሻው ቀን ኮን ደርድሮ የማያውቅ ሰው ላከ። ሰውዬው አበሉን በልቶ፣ ሰርተፊኬቱን ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። እስከ ዛሬ ሜዳ ላይ አላየሁትም። የታዳጊ ፕሮጀክት አሰልጣኝ ደግሞ ኳስ በራሱ ገንዘብ ይለጥፋል። ኮሚቴ ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ አሰልጣኝ ይቀይራል፣ የተቀየረው ሲሸነፍ «ስም ያለው እናምጣ» ይላል። ስም ያለው ይመጣል፣ ፊሽካ ይሰጠዋል፣ አለቀ።

ወልድያን ተመልከቱ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። በ2009 የሼህ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ፤ ከቆቦ በሚኒባስ እየተጫንን ሄደን አይተን አፋችንን ያዝን። በ2010 መጨረሻ ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አልዘረዝርም። ሲሚንቶ ብቻውን ጎል እንደማያገባ ግን አይተናል። የምንገነባው የሚታየውን ነው፦ ሕንፃ፣ መለያ፣ ስም። አሰልጣኝ የሚሠራበት ደብተር ሪባን ስለማይቆረጥለት ማንም አይገዛውም።

እሺ፣ ተነፈስኩ። ሰውዬው ጋ ልመለስ።

ልጁን ጤና ጣቢያ ትተነው ስንወጣ እሳቸው አልወጡም። ማታ ሄጄ ሳይ ኮሪደሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው፣ ፊሽካው አንገታቸው ላይ አለ። «ልጅ አለኝ እኮ፣ እኩያው» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንም እንዴት እንደሚሠራ አላሳየኝም፤ ፊሽካ ሰጡኝና ግባ አሉኝ» አሉ። ምን ልበላቸው? በዚያ ሰዓት የምቆጣበት ሰው አጣሁ። ያ ደብዳቤ የተኛበት መሳቢያ ነው የታየኝ።

ተስማምተናል። ከሰኞ ጀምሮ ልምምድ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ። ሁሉም ልጅ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ማሳ የዋለ ለኮቹ ይናገራል፣ የተናገረ አይቀጣም። ሦስት ሳምንት እሳቸው ደብተር ይዘው ዳር ይቆማሉ፣ እኔ እመራለሁ። ከዚያ እሳቸው ይመራሉ፣ እኔ ዳር ሆኜ እቀርጻለሁ። ያ ከትከሻ በላይ የማየት ነገር ስም ከተገኘለት እኔም ተማሪያቸው ነኝ፤ እኔ እንደ እሳቸው ዞሬ አላውቅማ!

ልጁን የምትጠይቁኝ፣ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት ደወልኩ፣ እናቱ አነሱት። «ተኝቶ ነው?» ስላቸው፣ «ኧረ የት ተኝቶ፣ ግሪሳው መጥቶ እኮ፤ ማማ ላይ ነው» አሉኝ።