የስኳር በሽታ ላለበት ወላጅ ምግብ ስለ ማዘጋጀትና በቤተ ሰብ ላይ ስለሚያድረው ሥጋት

በአገራችን ልማድ ሰውን መውደድና ሰውን ማብላት እጅግ የተቀራረቡ ነገሮች ናቸው። እንግዳ በመጣ ጊዜ ባለቤቲቱ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያለች ታጐርሳለች፤ እንግዳውም ጨርሶ እንቢ ቢል እንደ ኩሩ ይቈጠራል። በቤተ ሰብ መካከልም ቢሆን ልጅ ለአባቱና ለእናቱ ያለውን ፍቅርና አክብሮት ከሚገልጽባቸው መንገዶች አንዱ ደኅና ምግብ አቅርቦ «ይብሉልኝ» ማለት ነው። ከወላጆች አንዱ የስኳር በሽታ እንዳለበት ሐኪም በተናገረ ጊዜ ግን ይህ የቈየ ሥርዐት በአንድ ቀን ይናጋል። ትናንት «ይብሉልኝ» ይል የነበረው ልጅ ዛሬ «ይተዉት» ባይ ይሆናል፤ ያሳደገውን ሰው ከገበታ መከልከል ደግሞ ለከልካዩም ለተከልካዩም የሚከብድ ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ ያሰብነው ባጭሩ ይህ ነው። ለሕመምተኛው ሌላ ገበታ መዘርጋት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የጋራውን ገበታ በልክ ማዘጋጀት ነው። የልጆችም ሥጋት የሚቀንሰው ነገሩን በማወቅና በመለካት ነው እንጂ በወላጅ ላይ ዘበኛ በመቆም አይደለም። የምንጽፈው የሐኪምን ምክር ለመተካት ሳይሆን ምክሩ ወደ ማድ ቤት በገባ ጊዜ እንዴት ሊፈጸም እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

በሽታው ምን እንደ ሆነ

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገንፎ ወይም ድንች በሆዳችን ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ከደም ጋር ይቀላቀላል። ይህንን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሲያንስ፣ ወይም ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ብዙ ዘመን ሲቈይም ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የእግርን ስሜት ይጐዳል።

በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1921 ፍሬዴሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ለይተው ከማውጣታቸው በፊት ሐኪሞች የሕመምተኛውን ዕድሜ ጥቂት ለማራዘም ይሞክሩ የነበረው ምግብ በመቀነስ፣ ማለት በማስራብ ነበር። ያ ዘመን ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን «የስኳር በሽተኛ የሚድነው ባለ መብላት ነው» የሚለው አሳብ ከየቤቱ ገና አልወጣም። ይህ አሳብ በተለይ በአገራችን አደገኛ ነው። በጎንደር አካባቢ ገጠሮች ተደርጎ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዚያ ኢንሱሊን ከሚወስዱት ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድኾችና ቀጫጭን ገበሬዎች ናቸው። ለወፍራሙ ሰው ክብደት መቀነስ መድኃኒት ሊሆነው ይችላል፤ ለቀጭኑ ግን ምግብ መንሣት ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ምን ይከልከሉ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል ይብሉ?» ብሎ ነው።

ስለ ገበታው

በየቤቱ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ይገኛሉ። አንደኛው፣ በሽታው «ስኳር» ስለ ተባለ የሚያስፈራው ነጩ ስኳር ብቻ ነው፣ እንጀራ ግን እስከ ፈለጉት ቢበሉት አይጐዳም የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማር የተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጐዳም የሚለው ነው። የጤፍ እንጀራም ቢሆን፣ ጥቁርም ነጭም ቢሆን፣ በደም ውስጥ ስኳር ይሆናል፤ ማርም እንደዚሁ። ይህ ሲባል ግን እንጀራ ይቅር ማለት አይደለም፤ ልክ ይኑረው ማለት ነው።

ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል አከፋፈል አለ። የአንድ ሰው ድርሻ ከአራት ቢከፈል፣ ሁለቱ እጅ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ወይም ሰላጣ ይሁን፤ አንዱ እጅ የምስር፣ የባቄላ ወይም የአተር ወጥ፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ ይሁን፤ የቀረው አንዱ እጅ እንጀራ ይሁን። ድንች የሚቈጠረው ከአትክልት ጋር ሳይሆን ከእንጀራ ጋር ነው። እንደሚታየው ይህ ሁሉ ከማድ ቤታችን የሚገኝ ነው፤ የሚለወጠው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን የወጡና የእንጀራው መጠን ነው። በልማዳችን እንጀራው ብዙ፣ ጎመኑ ጥቂት ነው፤ ይህንን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ዘይትና ጨውም በልክ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ የደም ብዛት ከስኳር በሽታ ጋር ይገኛልና።

የሚያስቸግረው የመሶቡ ነገር ነው። ከአንድ ትሪ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ ጉርሻም ሲጨመርበት ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንዶች ይህንን ለማቃለል ለአባታቸው በሌላ ሳሕን፣ በሌላ ጠረጴዛ ያቀርባሉ፤ በዚህም አባወራውን ከገዛ መሶቡ ያርቁታል። ከዚህ የሚሻለው መለካቱን ከመሶቡ በፊት ማድረግ ነው። እንጀራው በማድ ቤት ተቈርጦ፣ ድርሻቸው በዚያው ትሪ ላይ በፊታቸው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወጡና ጎመኑ ለሁሉም አንድ ይሁን። ማጕረስ የሚፈልግም ጎመኑን ወይም ዕንቍላሉን ያጕርስ፤ ጉርሻ ክብሩ በማጕረሱ ነው እንጂ በእንጀራው ብዛት አይደለም። የጋራው ገበታ ለልጆቹም ይጠቅማል፤ ከወላጆቹ አንዱ የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ በሽታው የሚይዘው ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣልና።

ቡናም ሊዘነጋ አይገባም። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብናደርግ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጡ ስድስት ማንኪያ፣ ማለት 24 ግራም ያህል ስኳር ይሆናል። ቡናው ራሱ አይከለከልም፤ ያለ ስኳር፣ በጤና አዳም ወይም እንደ አንዳንድ አገር በጨው ሊጠጣ ይችላል፤ የደም ብዛት ላለበት ግን በጤና አዳሙ ይሻላል። ስለ አብሽም ብዙ ይነገራል። አብሽ ስኳርን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ መድኃኒቱን አቋርጦ አብሽ ብቻ መጠጣት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው።

የእንጀራው ውፍረትና ስፋት ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን ቍጥር መስጠት አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጥናት ቢያደርግ ይመረጣል። የስኳር መለኪያ ያላቸው ሰዎች ከምግብ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክተው፣ የበሉትንም ጨምረው በደብተር ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ሚሊግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ለሽማግሌዎች ግን ሐኪሙ ልኩን ሊያላላው ይችላል። የመለኪያው ወረቀት ውድ ስለ ሆነ በየቀኑ መለካት ለብዙዎች አይቻልም፤ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ አንዱን ቀን በእንጀራ፣ አንዱን በቂንጬ፣ አንዱን በገንፎ ለይቶ መለካት ግን ብዙ ያስተምራል።

ስለ ጾም፣ ስለ በዓልና ስለ ሰዓት

የጾም ምግብ ለስኳር ሕመምተኛ መልካም ምግብ ነው፤ ጥራጥሬውና ጎመኑ የሚመከሩት ናቸውና። አደጋው ያለው ከምግቡ ላይ ሳይሆን ከሰዓቱ ላይ ነው። ጧት ኢንሱሊን ተወግተው ወይም አንዳንድ ክኒኖችን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ የሚቈዩ ሰዎች ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾምን ታቀላለች፤ እስልምናም በረመዳን ወር ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። ሆኖም አረጋውያን ወላጆች ፈቃዱን መቀበል እንደ ድካም ስለሚቈጥሩት ልጅ ቢነግራቸው አይሰሙም። በዚህ ጊዜ ከልጅ ይልቅ የንስሐ አባት ወይም ሼኽ ቢናገሩ ይሰማሉ፤ የመድኃኒቱንም ሰዓትና መጠን ሐኪሙ ጾሙ ሳይገባ ቢያስተካክለው ይገባል። ጾሙን የያዘ ሰውም ቢሆን ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያው ሊያቋርጥ ያስፈልጋል።

በበዓልም ቀን ቢሆን የሚያሠጋው ከዶሮ ወጡ ይልቅ አብሮት የሚመጣው ድፎ ዳቦ፣ ጠጅና ለስላሳ መጠጥ ነው። እንግዳ ስለ ዘገየ ምሳ ሲዘገይ፣ ወይም ለቅሶ ቤት ተውሎ ሰዓቱ ሲያልፍም ያው የጾሙ አደጋ ይደርሳል። ስለዚህ ወላጃችን ከቤት ሲወጡ በኪሳቸው ወይም በነጠላቸው ጫፍ ጥቂት ስኳር ወይም ከረሜላ ቢይዙ መልካም ነው።

ስኳር ባነሰ ጊዜ

ሁሉም የቤት ሰው፣ ሠራተኛዋም ሳትቀር፣ ይህንን ማወቅ ይገባዋል። ስኳር ሲያንስ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ያለ ምክንያት ይቈጣል፣ ንግግሩም ይምታታል። ብዙ ቤተ ሰቦች በዚህ ጊዜ «ስኳር በሽተኛ ነውና ስኳር አይሰጠውም» ብለው ያመነታሉ። ይህ ማመንታት ሊገድል ይችላል። ወዲያው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተሻለውም ደግሞ መስጠት፣ ከዚያም ምግብ ማቅረብ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ስለ ሥጋቱ

የልጅ ሥጋት ከፍቅር የሚመነጭ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ሥጋቱ የሚለብሰው ልብስ ነው። ሌሊት እየተነሡ የወላጅን ትንፋሽ ማዳመጥ፣ ጓዳ መቈለፍ፣ «ዛሬ ስንት ሆነ?» ብሎ እንደ ዳኛ መጠየቅ፣ በእንግዳ ፊት እጃቸውን ከትሪው መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያመጡት ፍሬ አንድ ነው፤ ወላጅ መደበቅ ይጀምራል። በጎረቤት ቤት ይበላል፣ ቍጥሩንም ይለውጣል። ያን ጊዜ ልጁ እውነቱን ከነጭራሹ ያጣል፤ ሐኪሙም በተሳሳተ ቍጥር መድኃኒት ያዛል።

ደግሞም ቍጥር ከፍ ባለ ጊዜ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ምግብ አይደለም። ጉንፋን፣ ቍስል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ኀዘንና ጭንቀት ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። በጭንቀት ጊዜ ሰውነት የሚያመነጫቸው ቅመሞች ጕበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋሉና። ስለዚህ በገበታ ላይ የሚነሣ ጠብ ራሱ ስኳር የሚያወጣ ነገር ነው። ሕመምተኛው ዕለት ዕለት የሚሸከመው ድካምና ተስፋ መቍረጥም በሕክምና የታወቀ ነው፤ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1995 ዊልያም ፖሎንስኪ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን ሸክም የሚለካ የጥያቄ ዝርዝር አውጥተዋል።

ታዲያ ሥጋቱ ወዴት ይሂድ? ወደ ሥራ ይለወጥ። ከወንድምና ከእኅት ጋር ሥራን መከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ጎመኑን ይገዛል፣ አንዱ መድኃኒቱ ሳያልቅ ያመጣል፣ አንዱ በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ይዞ አብሮ ይሄዳል። በሩቅ ያለውም በሳምንት አንድ ቀን ተወስኖ ስለ በሽታው ይጠይቅ፤ በቀሩት ቀናት ስለ ዘመድ፣ ስለ እርሻና ስለ ዝናብ ይጫወት፤ ወላጅ ከስኳሩ ሌላ ብዙ ነገር ያለው ሰው ነውና። ከሁሉም በላይ ምን እንደሚበሰል እርሳቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ምስር ይሁን ወይስ ሽሮ?» ብሎ መጠየቅ ልኩን ሳያፈርስ ሥልጣኑን ለባለቤቱ ይመልሳል።

የስኳር በሽታ የዕድሜ ልክ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ወር ብቻ የሚቻል ጥብቅ ሥርዐት ከሚወጣ፣ ለብዙ ዓመት የሚቻል ልከኛ ሥርዐት ቢወጣ ይሻላል። የእንጀራውን ልክ ሁሉም የሚያውቅበት፣ ስኳር ሲያንስ የሚደረገውን ሠራተኛዋም የማትስተው፣ ሕመምተኛው ያየውን ቍጥር ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ሥጋት ጨርሶ አይጠፋለትም፤ ሥጋቱ ግን የወላጅን ቦታ ከመሶቡ አይወስድም።