ሁለት ዕድል የሚባዛው መቼ ነው?

ሁለት የ100 ፍራንክ ሳንቲሞች ቢወረወሩ፣ ቢያንስ በአንዱ ላይ ግመሎቹ የመውጣታቸው ዕድል ስንት ነው? በጂቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ሰፈር የሚማር ልጅ እንዲህ ያለውን የቤት ሥራ በፈረንሳይኛ ጽፎ ይዞ ይመጣል። አባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ተምሮ ከሆነ ይህንኑ ትምህርት የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ነው። እናቱ ደግሞ ሳንቲም ወደ ላይ እየወረወሩ “ዘውድ ወይስ ጎፈር” መባባልን ከልጅነቷ ታውቃለች። ቋንቋው ሦስት ቢሆንም ሒሳቡ አንድ ስለሆነ ወላጅ መልሱን ባያውቅም ልጁን ማገዝ ይችላል። ልጁ ግን መጀመሪያ ብቻውን ቢታገለው እመርጣለሁ። በዚህ ትምህርት የሚሠሩ ስሕተቶች ትክክል መስለው ስለሚታዩ፣ ሰው ስለነገረን ብቻ አይለቁንም፤ ቆጥረን ማየት አለብን።

ብዙ ተማሪ የሳንቲሙን ጥያቄ እንዲህ ይመልሳል፦ “ወይ ሁለቱም ግመል ይሆናሉ፣ ወይ አንዱ ብቻ፣ ወይ አንዱም አይሆንም። ከሦስቱ ሁለቱ ስለሚያዋጡኝ መልሱ ሁለት ሦስተኛ ነው።” መልሱ ስሕተት ቢሆንም የሚያሳፍር አይደለም። ዳላምቤር የተባለው ታላቅ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ በ1754 እ.ኤ.አ. በታዋቂው የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ሳንቲም ውርወራ ሲጽፍ፣ በተመሳሳይ መንገድ ሄዶ ሁለት ሦስተኛ ብሏል። የተፈለገው ገጽ በመጀመሪያው ውርወራ ከወጣ ጨዋታው ስለሚያበቃ፣ የቀሩት ሁለት አጋጣሚዎች ተጨምረው በጠቅላላው ሦስት ናቸው ብሎ አሰበ። የሳተው ሦስቱ እኩል ዕድል እንደሌላቸው ነው።

ሳንቲሞቹን አንደኛና ሁለተኛ ብለን ብንለያቸው ነገሩ ይጠራል። አንደኛው ግመል ሁለተኛው ግመል፣ አንደኛው ግመል ሁለተኛው ጀርባ፣ አንደኛው ጀርባ ሁለተኛው ግመል፣ ሁለቱም ጀርባ። እኩል ዕድል ያላቸው አጋጣሚዎች አራት ናቸው፣ ከአራቱም ሦስቱ ግመል አለባቸው። መልሱ ሦስት አራተኛ ነው። ያላመነ ልጅ ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ተካፍሎ ሁለቱን ሳንቲሞች 200 ጊዜ ይወርውርና ግመል ጭራሽ ያልወጣበትን እየቆጠረ ይመዝግብ። የዳላምቤር አስተሳሰብ ልክ ቢሆን ወደ 67 ገደማ ይመጣ ነበር፤ በእኛ ሒሳብ ግን ወደ 50 ይጠጋል። አሥር ጊዜ ብቻ ወርውሮ መፍረድ ግን አይቻልም፤ በጥቂት ውርወራ ማንኛውም ነገር ሊወጣ ይችላል።

ማባዛት የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከ200ው ውርወራ በግማሹ ያህል፣ ማለትም በ100ው፣ አንደኛው ሳንቲም ጀርባውን ያሳያል። ከእነዚያ 100 ደግሞ በግማሹ ሁለተኛውም ጀርባውን ያሳያል፤ ይህ 50 ይሆናል። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። መምህራን በሰሌዳ ላይ የሚስሉት ቅርንጫፋማ ዛፍም ይህንኑ ያሳያል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ወደ ጫፉ ስንሄድ እናባዛለን፣ የተለያዩ ጫፎችን ስንሰበስብ እንደምራለን። የጫፎቹ ሁሉ ድምር አንድ ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተናል። ብቻውን ለሚሠራ ተማሪ ይህ ድምር አራሚው ነው።

ፈተና ላይ አራት አማራጭ ያላቸውን ሁለት ጥያቄዎች በግምት የመለሰ ተማሪ፣ “ለአንዱ ሩብ፣ ለሌላው ሩብ፣ ስለዚህ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሌ ግማሽ ነው” ይላል። ይህ አደማመር ለአምስት ጥያቄ ሲሠራበት ከአንድ በላይ ዕድል ያመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የለም። ሁለቱንም የመሳት ዕድሉ ሦስት አራተኛ በሦስት አራተኛ ሲባዛ 9/16 ነው። የቀረው 7/16 ቢያንስ አንዱን ማግኘት ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። ለአምስት ጥያቄም መንገዱ ያው ነው፤ ሁሉንም የመሳት ዕድሉ 243/1024 ስለሆነ፣ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 781/1024 ይሆናል። “ቢያንስ አንድ” የሚል ቃል ባያችሁ ጊዜ መጀመሪያ “አንድም” የሌለበትን አስሉ።

እስካሁን ያባዛነው አንዱ ኩነት ሌላውን ስለማይነካው ነው። ሦስት ቀይና ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶ ካለበት ቦርሳ ሳናይ ሁለት ብናወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው ቀይ የመሆን ዕድሉ 3/5 ነው። እሱን ሳንመልስ ሁለተኛውን ካወጣን በቦርሳው የቀሩት አራት ስለሆኑ፣ ከእነሱም ሁለቱ ብቻ ቀይ ስለሆኑ 2/4 ይሆናል። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል 3/10 ነው። መልሰን ብናወጣ ኖሮ 9/25 ይሆን ነበር። የቤት ሥራው ላይ “ሳይመለስ” የምትለዋን ቃል ያለፈ ተማሪ ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ ስሕተት ይሆንበታል።

ከትምህርት ቤት ውጭ ግን ሁለቱን ኩነቶች የሚያያይዛቸው ነገር እንደ ቦርሳው በግልጽ አይታይም፤ ከባዱም ይህ ነው።  ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ምሽት የእናንተ ቤት መብራት የመጥፋት ዕድሉ 1/20፣ የጎረቤታችሁም 1/20 ነው እንበል። ሁለቱም አብረው የሚጠፉት ከ400 ምሽት በአንዱ ነው ብሎ ማባዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ይጠፋል፤ ዕድሉ ወደ 1/20 ይጠጋል።

ይህ ስሕተት ሰው አሳስሯል። በ1999 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሳሊ ክላርክ የተባለች እናት ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። አንድ የሕፃናት ሐኪም እንደ እሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ሕፃን ድንገተኛ ሞት ከ8,543 አንድ ነው የሚለውን አኃዝ በራሱ አባዝቶ፣ ሁለት ሞት ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ለፍርድ ቤቱ ተናገረ። ወንድማማቾች ግን በዘርም በአኗኗርም የሚጋሩት ብዙ ነው፤ አንዱን ያጋጠመው ሌላውንም የማግኘት ዕድሉ ሊጨምር ይችላል። የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ይህን ስሌት በይፋ ተቃወመ። ፍርዱ በ2003 ተሻረ። ለመሻሩ ዋናው ምክንያት ተደብቆ የቆየ የሕክምና ማስረጃ ቢሆንም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያ አኃዝ ለዳኝነት መቅረብ እንዳልነበረበት ጠቅሷል።

ስለዚህ የልጁን ደብተር ለምታዩ ወላጆች የምመክረው፣ መልሱን አትንገሩት። “የመጀመሪያው መሆኑን ካወቅህ በኋላ የሁለተኛው ዕድል ተለወጠ ወይስ እንደነበረ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። በየትኛውም ቋንቋ ይመልስላችሁ፤ “እንደነበረ ነው” ካለ ያባዛል፣ “ተለወጠ” ካለ አዲሱን ቁጥር በዛፉ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ላይ ጽፎ ያባዛል።