በገዳሪፍ መጠለያዎች፦ ‘የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ’ ምን ማለት ነው?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ምሥራቅ ሱዳን ገብተዋል። በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባ መጠለያ ከሰፈሩት መካከል ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምዕመናን ናቸው። አጥቢያቸውን ጥለው ለተሰደዱት እነዚህ አማኞች፣ መንፈስ ቅዱስ የት ያድራል የሚለው ጥያቄ የዕለት ተዕለት ሕይወት ጥያቄ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ የአማኙን ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ይለዋል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ ከዚያም ቅብዐ ሜሮን ይቀባሉ። በጥምቀት አዲስ ልደት፣ በሜሮን ደግሞ የመንፈስ ቅዱስ ጸጋ እንደሚሰጥ ይታመናል።

በዚህ ትምህርት መሠረት በስደት የተወለደ ሕፃን የሚቀበለው ጸጋ በአገር ቤት ከተጠመቀው አያንስም። ምሥጢሩን የሚፈጽመው ግን ካህን ነው። ስለዚህ ስደተኛው ቤተ መቅደስነቱን ይዞ ቢሰደድም፣ ለልጁ ካህን መፈለጉ አይቀርም።