ከፍ ያለ መኪና ለምን ያንገጫግጫል? ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ሞላና ስለ አሞርዛቶር አመራረጥ

በቅርቡ በደጋው ሲዳማ ከሚገኝ አንድ አጥቢያ ደብዳቤ ደርሶናል። ምእመናኑ ለፕሮጀክቱ ላንድ ክሩዘር ማሻሻያ ይሆን ዘንድ ገንዘብ አዋጥተዋል። መንገዱ ቦይ ቦይ ስለ ሆነ መኪናውን ከፍ ማድረግ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከፍ የተደረገ መኪና ሰውን ያንገላታል ሲባል ሰምተው፣ የትኛውን ዕቃ ብንገዛ ይሻላል ሲሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የብዙዎች በመሆኑ መልሱን በዚህ ዓምድ ለማውጣት ወደድን።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ላውጋችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ሐዋሳ የምንገለገልበትን መኪና 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አስደረግነው። ባሌስትራ ሲመረጥ፣ «ሲሚንቶም ቆርቆሮም እንጭናለንና የሚጠነክረውን እንውሰድ» ያልሁት እኔ ነበርሁ። በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ሾፌራችን ግን፣ «ልጄ፣ ይህ ለእህል ነው እንጂ ለሰው አይደለም» ብለውኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ወር ሳይሞላ ከአርቤጎና ወዲያ ካለ ቀበሌ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል እንድናደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለመነችን። መኪናው ባዶውን ነበር። እናቲቱ ከኋላ፣ በጎን በኩል ባለው አግዳሚ ላይ ተጋደመች። በየጉድጓዱ ከወንበሩ ትነሣና ትወድቃለች። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን፣ «አውርዱኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። ሾፌሩ ዘወር ብለው አዩኝ እንጂ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ በሰው እርምጃ ፍጥነት ተጓዝን፤ ደረሰችም፤ በሰላም ተገላገለች። ባሌስትራውን ግን አውልቀን ሌላ ገዛን። ምእመናን የሰጡትን ገንዘብ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ አወጣነው ማለት ነው።

እንግዲህ መኪናን ከፍ ማድረግ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ እንለይ። በፕሮጀክቶች ዘንድ በብዛት የሚታየው ረጅሙ ላንድ ክሩዘር፣ 78 የሚባለው፣ እንዲሁም ፒክአፑ 79፣ ከፊትም ከኋላም የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው። ባሌስትራው ወይም ሞላው የሚያነሣው ከአክስሉ በላይ ያለውን ሻንሲና ቦዲ ነው። አክስሉና በውስጡ ያለው ዲፈረንሻል በነበሩበት ይቀራሉ። እነርሱን ከመሬት የሚያርቃቸው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ እርሱም በእኩሌታ ነው፤ ጎማው በ4 ሴንቲሜትር ቢረዝም ዲፈረንሻሉ በ2 ብቻ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚያስቸግራችሁ ዲፈረንሻሉ የመንገዱን ወገብ መፋቁ ከሆነ፣ ባሌስትራ በመቀየር አይቃለልም። ወደ ቦይ ሲወርድ የፊቱ ወይም የኋላው ጫፍ መሬት የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ሲጫን ቁጭ የሚል ከሆነ ግን ማንሣቱ ይጠቅማል።

ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት የመኪናውን ዓይነት አጣሩ። የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲወጣ የረጅሞቹ መኪናዎች የፊት እግር ባሌስትራ ነበር። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 የፊቱን ወደ ሞላ ለውጦታል፤ የኋላው ባሌስትራ እንደ ሆነ ቀጥሏል። ሁለቱ መልካቸው ስለሚቀራረብ በዓይን ብቻ ታይቶ የታዘዘ ዕቃ ሳይገጥም የሚቀርበት ጊዜ አለ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ሃይሉክሶች ደግሞ የፊት ጎማዎቻቸው እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ስለ ሆኑ የፊቱ አሠራር ከዚህ ይለያል፤ የኋላው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባሌስትራና ሞላ ክብደት ተሸካሚዎች ናቸው። አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ የሚባለው 1 ሴንቲሜትር ለመጫን በሚፈልገው ክብደት ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ባሌስትራ በየ40 ኪሎው፣ ሌላው በየ60 ኪሎው 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል እንበል። ከኋላ 400 ኪሎ ብንጭን ለእያንዳንዱ ወገን 200 ኪሎ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው 5 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው ከ3 ጥቂት የበለጠ ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ጠንካራው የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ጎማው ድንጋይ ላይ ወጥቶ 5 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ሲገፋ፣ ለስላሳው ቦዲውን በ200 ኪሎ ኃይል ሲገፋው ጠንካራው በ300 ኪሎ ይገፋዋል። በውስጡ ሲሚንቶ ቢኖር ክብደቱ ግፊቱን ይቋቋማል። በውስጡ አንዲት ነፍሰ ጡር ብቻ ካለች ግን ቦዲው ወደ ላይ ይወረወራል፤ እርሷም አብራ ትወረወራለች። ከፍ ያለ መኪና የሚያንገጫግጨው በአብዛኛው ከፍ ስላለ አይደለም፤ ከፍ ለማድረግ ከሚሸከመው ክብደት በላይ የጠነከረ ባሌስትራ ስለሚገባለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን አስመዝኑ። የጭነት መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ባዶውን፣ አንድ ጊዜ እንደ ወትሮው ተጭኖ ይመዘን፤ ቢቻል የፊትና የኋላ ጎማዎች ለየብቻ። ሚዛን ካልተገኘ በወረቀት አስሉት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው፤ 200 ሊትር ናፍጣ ከ165 እስከ 170 ኪሎ ይሆናል፤ በርሜሉ ሳይቆጠር ማለት ነው። የተሳፋሪዎችን፣ የትርፍ ጎማንና የፖርቶ መጋላን ክብደት አትርሱ። ከዚያም የመኪናውን የጉዞ መዝገብ አውጥታችሁ ያለፉትን ሦስት ወራት ተመልከቱ። ስንት ቀን ከባድ ጭነት ጫነ? ስንት ቀን ሰው ብቻ ይዞ ሄደ? እኛ ዘግይተን ስንመለከተው ከባድ ጭነት የተጫነባቸው ቀናት ከአምስቱ አንድ አይሞሉም ነበር፤ ባሌስትራውን የገዛነው ግን ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ነበር። ባሌስትራ የሚመረጠው መኪናው አብዛኛውን ቀን ለሚይዘው ክብደት ነው። ለቀሩት ቀናት ከሥር የተጨመረ ረዳት ቅጠል ያለው ባሌስትራ ይገኛል፤ ባዶውን ሲሄድ ረዳቱ ሳይነካ ይቆያል፣ ሲጫን ብቻ ገብቶ ያግዛል። በአየር የሚሞላ የጎማ ትራስ በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚያስገቡም አሉ፤ ይህ ግን ክብደቱን በሻንሲው አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ በተለይ ከአክስሉ ኋላ ብዙ የጫነ ፒክአፕ በመጥፎ መንገድ ላይ ሻንሲው እስከ መታጠፍ የደረሰበት ጊዜ አለ። እኔ አልመክረውም።

በነባሩ ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ርካሽ ይመስላል። ቁመት ይሰጣል፤ ጥንካሬውንም አብሮ ይጨምራል። በእሳት አግሎ እንደገና ማጉበጥም በብዙ ቦታ ይሠራል። የባሌስትራ ብረት የመለጠጥ ጠባዩን ያገኘው በልክ ከተደረገለት ማጋልና ማቀዝቀዝ ስለ ሆነ፣ ልኩ ሳይጠበቅ የጋለ ቅጠል ወይ ቶሎ ይተኛል ወይ ይሰበራል። አሮጌ ባሌስትራ ቀጥቃጮች እጅ ሲገባ ጥሩ ማረሻና ጥሩ ቢላ ይወጣዋል፤ ወደ መኪናው ባይመለስ ይሻላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባሌስትራው ደኅና ሆኖ ሳለ በቅጠሎቹ መካከል ዝገትና ጭቃ ገብቶ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው አልንሸራተት ይላሉ፤ በዚህም ምክንያት እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናል። ፈትቶ በብረት ብሩሽ ማጽዳትና የግራፋይት ቅባት መቀባት ብቻውን የመኪናውን ጠባይ ሲለውጠው አይቻለሁ።

አሞርዛቶር፣ ሾክ የሚሉትም አሉ፣ ክብደት አይሸከምም። ሥራው ባሌስትራው ከተጫነና ከተለቀቀ በኋላ የሚቀጥለውን መወዛወዝ ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የእንቅስቃሴው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ይህ በየደቂቃው ብዙ ጊዜ ስለሚሆን አሞርዛቶሩ በጣም ይግላል፤ ዘይቱም አረፋ ከሠራ ማብረዱን ያቆማል። ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላባቸው የተመረጡት ግፊቱ አረፋውን ስለሚቀንስ ነው። ከእነዚህም ባለ አንድ ቱቦውና ባለ ሁለት ቱቦው ይለያያሉ። ባለ አንድ ቱቦው ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፤ ነገር ግን ፒስተኑ የሚሄደው በውጭው ግድግዳ ላይ ስለ ሆነ ድንጋይ መትቶ ቢያጎደጉደው ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው የውጩ ቢጎዳም የውስጡ ሊተርፍ ይችላል። ለእኛ መንገድ ወፈር ያለውን ባለ ሁለት ቱቦ፣ ጋዝ ያለበትን እመርጣለሁ።

የሚበልጠው ግን ርዝመቱና ልኩ ነው። መኪናው በ5 ሴንቲሜትር ተነሥቶ የድሮው አሞርዛቶር ከተተወ፣ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ አሞርዛቶሩ ከባሌስትራው ቀድሞ ይጨርስና «ጓ» ብሎ ይመታል። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ባሌስትራ ነው ብሎ ያማርራል። በጣም የረዘመ ከተገዛ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ታጥፎ ያልቅና ይሰበራል። ጥንካሬውም ከባሌስትራው ጋር የተመጣጠነ ይሁን፤ ለስላሳ ባሌስትራን በጠንካራ አሞርዛቶር «እናግዘው» ማለት መንገጫገጩን ይጨምራል እንጂ ሸክሙን አያቀልለውም። ስለዚህ ሁለቱንም ከአንድ ሠሪ፣ ለአንድ ቁመት የተዘጋጁትን መግዛት ይመረጣል። ያሉት አሞርዛቶሮች መሥራታቸውን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት በጠጠር መንገድ ነድታችሁ አቁሙና እጃችሁን ቀስ ብላችሁ አስጠጉ። ሦስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራ የፈታው ቀዝቃዛው ነው።

በባሌስትራው ዐይን ውስጥ ስለሚገባው ቡሺንግ አጭር ቃል ልጨምር። ከላስቲክ የተሠራውና ከፖሊዩሪቴን የተሠራው አለ። ሁለተኛው ዕድሜው ረጅም ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ነገር ግን ደረቅ ስለ ሆነ ንዝረቱን ወደ ቦዲው ያሳልፋል፣ ቅባትም ይፈልጋል። ሰው ለሚጭን መኪና የላስቲኩ ይሻላል። የላስቲክ ቡሺንግ ቡሎኑ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ደኅንነትን በሚመለከት ችላ የማይባሉ ነገሮች አሉ። የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ በጥቂቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ይህም መሪው ከዞረ በኋላ ራሱን እንዲያቃና ያደርገዋል። ባለ ሞላው ላንድ ክሩዘር ፊቱ ሲነሣ ይህ ዘንበል ማለት ስለሚቀንስ በአስፋልት ላይ መሪው ይዋልላል። ማስተካከያ ቡሺንግ አለው፤ አብሮ ይገዛ። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ ጭነቱን የሚያውቀው በቦዲውና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው። መኪናው ሲነሣ ሁልጊዜ ባዶ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ያደክማል፤ ስለዚህ ዘንጉ ይስተካከል። የፍሬን ቱቦዎች ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩ ይታዩ። ከፊት አክስልና ባሌስትራ መካከል የብረት ጉማጅ አስገብቶ ማንሣትን ማንም ርካሽ ነው ቢላችሁ አትቀበሉ። ከፍታው ከ5 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይበጃል፤ ከፍ ባለ ቁጥር በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ይቀርባልና። ከባዱም ዕቃ ከፖርቶ መጋላ ወርዶ ከኋላ አክስሉ ፊት፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ።

ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ነገርም አለ። የመጀመሪያው መንገጫገጭን የሚቀበል አካል ጎማው ነው። የጠጠር መንገድ ሲጀመር ጭነት ከሌለ የጎማውን ንፋስ እስከ ሩብ ያህል መቀነስና ፍጥነትን መግታት፣ ወደ አስፋልት ሲመለሱም መልሶ መንፋት ብዙ ያለሰልሳል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከዚያ በላይ ከቀነሰ ግን ከመነዳሪው ይዞርና ቫልቩ ይቀደዳል። ሕመምተኛ ስታሳፍሩ ደግሞ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ባለው አግዳሚ አታስተኙ፤ መንገጫገጩ የሚከፋው እዚያ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ ቢነጠፍ ይሻላል። ያችን እናት በዚያ ቀን እንኳ ይህን ብናደርግላት በቀለላት ነበር።

ለጠየቁን ወገኖች የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ መጀመሪያ ቡሺንጎቹና አሞርዛቶሮቹ ይፈተሹ፣ ባሌስትራው ይጽዳ፣ ከዚያ መኪናው ይመዘን። ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ለክታችሁ ባዶውንና ተጭኖ ያለውን ጻፉ። አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ ማሠሪያ ቡሎኖቹም አዲስ ይሁኑ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቁ፤ ርቀቱም ተለክቶ በመኪናው መዝገብ ይመዝገብ። የክብደቱንና የርቀቱን ቁጥር ስትልኩልን፣ ከሾፌራችን ጋር ተቀምጠን የባሌስትራውን ልክ እንጽፍላችኋለን። በዚህ ጊዜ ምርጫውን እሳቸው ናቸው የሚያደርጉት።