«++»፦ አንድ የሚጨምረው ምልክት፣ ከቡና ጆንያ እስከ ፊደል ገበታ

ኢንክሪመንት ኦፐሬተር በአንድ ቫሪያብል ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ላይ 1 የሚጨምር የፕሮግራም ቋንቋ ምልክት ነው። ሁለት የመደመር ምልክቶችን ያለ ክፍተት በማስከተል «++» ተብሎ ይጻፋል። ተቃራኒው «--» ዲክሪመንት ይባላል፤ እሱ 1 ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚጀምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የሚጽፈው በሲ++ ስለሆነ፣ ምልክቱን ገና በቋንቋው ስም ላይ ያገኘዋል። ቋንቋው ይህ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ሐሳቡ «ሲ በተባለው ቋንቋ ላይ አንድ ሲጨመር» የሚል ነው።

ምልክቱ ምን እንደሚሠራ ለማየት የካፋ ዞን የቡና መጋዘን ጥሩ ቦታ ነው። በለቀማ ወራት ከጊምቦ፣ ከዴቻ፣ ከጨና እና ከአድዮ ወረዳዎች የሚመጣ ጀንፈል በጆንያ ተሞልቶ ቦንጋ ላይ ይራገፋል እንበል። ፕሮግራሙ ጆንያ በገባ ቁጥር ይቆጥራል። ለቆጠራው «ጆንያ» የሚባል ቫሪያብል ተዘጋጅቶ መነሻው 0 ይደረጋል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ማንኛውንም የዩኒኮድ ፊደል ለቫሪያብል ስም ስለሚቀበል፣ እንዲህ ያለው የአማርኛ ስም በእውነተኛ ፕሮግራም ውስጥም ይሠራል።

አንድ ጆንያ ሲገባ በረጅሙ የሚጻፈው ትእዛዝ ይህ ነው፦

ጆንያ = ጆንያ + 1;

ከሒሳብ ክፍል የመጣ ጀማሪ እዚህ ላይ መደናገሩ ተገቢ ነው። በሒሳብ የትኛውም ቁጥር ከራሱ በአንድ አይበልጥም። በፕሮግራም ውስጥ ግን «=» እኩልነትን አይናገርም፤ ትእዛዝ ነው። በቀኝ ያለው ይሰላል፣ ውጤቱም በግራ በተጠራው ቫሪያብል ውስጥ ይቀመጣል። ጆንያ 7 ከነበረ 7 ሲደመር 1 ተሰልቶ 8 ይገባበታል፤ የድሮው 7 ይጠፋል። ይህንኑ ሥራ ባጭሩ የሚሠራው ኢንክሪመንት ነው፦

ጆንያ++;

ቡናው ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ደግሞ ጆንያ-- ይሆናል። ጭማሪው ከአንድ ሲበልጥ «+=» ያስፈልጋል፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ንጹሕ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ስለሚታሰር ክብደቱ በ«ኪሎ += 60;» ይደመራል።

ምልክቱ ከቫሪያብሉ በፊትም ሊጻፍ ይችላል፦ ++ጆንያ። ይህኛው ፕሪፊክስ፣ ከቫሪያብሉ በኋላ የሚጻፈው ፖስትፊክስ ይባላል። ሁለቱም ቫሪያብሉን በአንድ ያሳድጋሉ፤ ለብቻቸው እንደ አንድ ሙሉ ትእዛዝ ሲቆሙ ምንም ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ የሚወጣው ትእዛዙ በሌላ ስሌት ውስጥ ሲገባ ነው። ጀማሪዎችን የሚያሳስተው አብዛኛው ነገርም ከዚህ ይነሣል፤ ኢንክሪመንት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ቫሪያብሉን ይለውጣል፣ ለጠየቀው ስሌትም አንድ ዋጋ ይመልሳል። ፕሪፊክስ የሚመልሰው አዲሱን ዋጋ ነው፤ ፖስትፊክስ የሚመልሰው የቀድሞውን ነው።

ለእያንዳንዱ ጆንያ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይሰጣል ብንል፣ ጆንያ 7 ላይ ሳለ

ደረሰኝ = ጆንያ++;

ተብሎ ከተጻፈ ደረሰኙ 7 ይሆናል፤ ጆንያ ግን 8 ደርሷል። በዚያው ሁኔታ

ደረሰኝ = ++ጆንያ;

ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱም 8 ይሆናሉ። ቆጠራው ከ0 ስለተነሣ፣ በመጀመሪያው አጻጻፍ የዓመቱ የመጀመሪያ ጆንያ ደረሰኝ ቁጥሩ 0 ሆኖ ይወጣል፤ በሁለተኛው 1 ይሆናል። ፕሮግራሙ በሁለቱም መንገድ ያለ ስሕተት መልእክት ስለሚሄድ ችግሩን የሚያየው ደረሰኙን የተቀበለው ገበሬ ነው።

በዝርዝር ላይ ሲሠራ ነገሩ ይገለበጣል። የአራቱ ወረዳዎች ስም «ወረዳ» በሚባል አሬይ ውስጥ በቅደም ተከተል ቢቀመጥ ጊምቦ የሚገኘው በ0 ቁጥር ላይ፣ አድዮ በ3 ላይ ነው፤ በሲ ቤተሰብ ቋንቋዎች አሬይ ከ0 ይቆጠራልና። ቁጥር 0 ላይ ሳለ «ወረዳ[ቁጥር++]» ጊምቦን አንሥቶ ቁጥርን ወደ 1 ያሻግራል። «ወረዳ[++ቁጥር]» ግን መጀመሪያ ወደ 1 ተሻግሮ ዴቻን ያነሣል፤ ጊምቦ ከሪፖርቱ ተዘሎ ይቀራል። ስለዚህ «ሁልጊዜ ፕሪፊክስ ተጠቀም» ወይም «ሁልጊዜ ፖስትፊክስ ተጠቀም» የሚል ምክር አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት ስሌቱ የሚፈልገው የቀድሞውን ዋጋ ነው ወይስ አዲሱን የሚለው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ጆንያ = ጆንያ++;» ነው። በጃቫ ይህ ትእዛዝ ቆጠራውን ፈጽሞ አያሳድግም። የቀድሞው ዋጋ፣ ማለትም 0፣ ለብቻ ይያዛል፤ ጆንያ 1 ይሆናል፤ ከዚያ «=» የተያዘውን 0 መልሶ ይጽፍበታል። ሺህ ጆንያ ቢገባ መዝገቡ 0 ይላል። ሁለት ኢንክሪመንት በአንድ ስሌት ውስጥ ሲገናኙም አደጋው ይብሳል። ሀ 5 ሲሆን «ሀ++ + ++ሀ» በጃቫ 12 ይሆናል፤ ጃቫ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሰላ ስለሚደነግግ መጀመሪያ 5 ይነበባል፣ ቀጥሎ 7። በሲ እና በሲ++ ግን መለኪያ ደንቡ ለእንዲህ ያለ ስሌት ውጤት አልወሰነም፤ ሁለት ኮምፓይለሮች ሁለት የተለያዩ መልሶች ቢሰጡ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በሥራ ላይ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ለእንዲህ ያለ መስመር ቦታ ሊኖር አይገባም፤ ኢንክሪመንቱን በራሱ መስመር ለብቻው መጻፍ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።

ኢንክሪመንት በብዛት የሚገኘው ትእዛዞችን እየቆጠረ በሚደጋግመው በፎር ሉፕ ውስጥ ነው። እዚያ ስሕተቱ ከምልክቱ ይልቅ ከማቆሚያው ይመጣል። የዓመቱን የቡና ገቢ በወር በወር የሚደምር ፕሮግራም ከውጭ ከመጣ ምሳሌ ተቀድቶ ወርን ከ1 እስከ 12 ቢያስኬድ ጳጉሜን ይጥላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሉፑ መቆም ያለበት 13ን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ቫሪያብሉ የሚይዘው ቁጥርም ወሰን አለው። በጃቫ ባይት የተባለው ዓይነት ከፍተኛው 127 ነው። ጆንያ በዚህ ዓይነት ተይዞ 128ኛው ጆንያ ሲገባ «ጆንያ++» ቆጠራውን ወደ -128 ይመልሰዋል። ኢንት የተባለው ዓይነት ግን እስከ 2,147,483,647 ስለሚደርስ ለመጋዘን ከበቂ በላይ ነው።

ምልክቱን የፈጠረው ኬን ቶምፕሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በቤል ላብስ የሲ ቅድመ አያት የሆነውን ቢ የተባለ ቋንቋ ሲሠራ። ምልክቱ የተወሰደው ከፒዲፒ-11 ኮምፒዩተር አሠራር ነው የሚል ወሬ ለረጅም ጊዜ ተሰምቷል። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1993 በጻፈው የቋንቋው ታሪክ ይህን ውድቅ አድርጎታል፤ ቢ ሲሠራ ፒዲፒ-11 ገና አልነበረም። ቶምፕሰን ይጠቀምበት የነበረው ፒዲፒ-7 ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታው በጣም ጠባብ ነበር፤ በሪቺ ግምት ለፈጠራው ዋናው ምክንያት «++» ሲተረጎም «= + 1» ከሚወስደው ያነሰ ቦታ መውሰዱ ነው። የዛሬ ኮምፓይለሮች ለተራ ቁጥር ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስለሚለውጡ ያ ጥቅም አሁን የለም።

ምናልባትም በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቋንቋዎች ምልክቱን ሸሽተውታል። ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሦስተኛ እትሙ አስወጣው። ጎ «ጆንያ++» ለብቻው ሲቆም ብቻ ይፈቅዳል፤ በስሌት ውስጥ ማስገባትም ሆነ ከፊት መጻፍ አይቻልም። ፓይተን ከመጀመሪያው አልያዘውም፤ በምትኩ «ጆንያ += 1» ይጻፋል። ከሲ++ ወደ ፓይተን የሚሻገር ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። «ጆንያ++» ስሕተት ተብሎ ይመለስለታል፤ «++ጆንያ» ግን ሁለት ጊዜ የተጻፈ የአዎንታዊነት ምልክት ተደርጎ ስለሚነበብ፣ ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር ቁጥሩም ሳይለወጥ ያልፋል።

ኢንክሪመንት በጃቫ በፊደል ላይም ይሠራል፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ ተራ ቁጥር ስላለው ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀ 4608፣ ለ 4616 ሆኑ። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ብዙውን ጊዜ እንደ ሏ ላለው ዲቃላ። ቻር በተባለው፣ አንድ ፊደል በሚይዝ ዓይነት ቫሪያብል ውስጥ ለ ተቀምጦ «++» ሲደጋገምበት ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ፣ ሏ ይወጣሉ፤ በስምንተኛው ጭማሪ ሐ ላይ ይደርሳል። በሲ++ ይህን በተራ ቻር መሞከር አይሠራም፤ እዚያ ቻር አንድ ባይት ብቻ ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል።