በስልክ ተወስኖ ያደረ ጉዳይ፡ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማኅበረሰቦች በአደባባይ መጻፍን ለምን ይመርጣሉ?

በሐምሌ ወር በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ፣ በሞቃዲሾና በናይሮቢ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው።

በዚያች ሰዓት ጥቂት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በቪዲዮ ተገናኝተው አንድ ውሳኔ ላይ ቢደርሱ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ባልደረባቸው ጠዋት ሲነቃ የሚጠብቀው ያለቀ ጉዳይ ነው። ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ሐሳብ በምን ምክንያት እንደተጣለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዓለም ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጥያቄም ይኸው ነው። የጋራ ሥራ በግል ንግግር ይወሰን ወይስ ማንም ሊያነበው በሚችል የኢሜይል መድረክ?

ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱን ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና መልሶ ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር ነው። የአንድሮይድ ስልኮች የሚሠሩበት ሊነክስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች የሚገነቡት በተለያዩ አገራት በሚኖሩና ፊት ለፊት ተገናኝተው በማያውቁ ሰዎች ነው።

በጽሑፍ የተወለደ ባህል

ሊነስ ቶርቫልድስ በአውሮፓውያኑ 1991 በፊንላንድ ተማሪ ሳለ የሊነክስን ጅማሮ ያበሰረው በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ በጻፈው አጭር መልዕክት ነበር። በ1995 አፓቼ የተሰኘውን የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር የጀመሩት ስምንት ሰዎችም ሥራቸውን ያቀናጁት በጋራ የኢሜይል መድረክ ነው። ወደ አንድ አድራሻ የተላከ መልዕክት ለተመዘገቡ ሁሉ ይደርሳል፤ በማኅደርም ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ ይነበባል።

ከዚህ ቡድን የተወለደውና በ1999 የተቋቋመው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይህንን ልማድ ወደ ደንብ ለውጦታል። አባላት በስልክም ሆነ በአካል መነጋገር ይችላሉ። ውሳኔው ግን ወደ ኢሜይል መድረኩ መመለስና እዚያው መጽደቅ ይኖርበታል።

በተለምዶ አንድ ድምፅ አሰጣጥ ቢያንስ ለ72 ሰዓታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህም በየትኛውም የዓለም ክፍል ያለ በጎ ፈቃደኛ አንብቦ፣ አስቦ ሐሳቡን እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። የኮድ ለውጥን መቃወም የሚፈልግ አባልም ቴክኒካዊ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት።

የኢንተርኔትን የአሠራር ደረጃዎች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የምህንድስና ግብረ ኃይልም ተመሳሳይ መርህ ይከተላል። በስብሰባ አዳራሽ የተደረሰበት ስምምነት በኢሜይል መድረክ ላይ ካልተረጋገጠ የመጨረሻ አይሆንም።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራውን የሚቀላቀል ወጣት፣ አንድ ነገር ለምን በዚያ መንገድ እንደተሠራ የሚያውቀው ከማኅደሩ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰውም ጽሑፍ በፍጥነት ከሚነጉድ ንግግር ይልቅ ጊዜ ይሰጠዋል።

አደባባዩም ዋጋ ያስከፍላል

ይህ ማለት ግን የስልክ ንግግር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በጽሑፍ ለሳምንታት የተጓተተ አለመግባባት በሩብ ሰዓት ንግግር ሊፈታ ይችላል። ድምፅ ውስጥ ያለው ትህትናና ቀልድ በኢሜይል ውስጥ ይጠፋል።

በአደባባይ የተሰነዘረ ዘለፋም እንደ ኮዱ ሁሉ በማኅደር ይኖራል። ቶርቫልድስ ራሱ በሊነክስ የኢሜይል መድረክ ላይ ይጽፋቸው ለነበሩ ኃይለኛ ቃላት በመስከረም 2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል ብሎ ነበር።

በግል መያዝ ያለባቸው ጉዳዮችም አሉ። በአፓቼ አዲስ አባል ለመምረጥ ስለ ግለሰቡ የሚደረግ ውይይት በዝግ ይካሄዳል። የደኅንነት ክፍተት ሲገኝም ማስተካከያው ሳይዘጋጅ በአደባባይ ማውራት ለአጥቂዎች በር መክፈት ነው።

ግማሽ ሰከንድ ያጋለጠው ሴራ

የሁለቱን መንገዶች ሚዛን በጉልህ ያሳየው በአውሮፓውያኑ መጋቢት 2024 የተከሰተው ነው። የማይክሮሶፍት ባልደረባው አንድሬስ ፍሮይንድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝበት ወቅት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተዋለ። ምክንያቱን ሲፈትሽ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የሰርጎ መግቢያ በር አገኘ።

ፍሮይንድ በመጀመሪያ ለሚመለከታቸው የደኅንነት ባለሙያዎች በግል አሳወቀ። ከዚያም ግኝቱን በይፋዊ የኢሜይል መድረክ ላይ ዘርዝሮ አወጣ። በርካታ ባለሙያዎችም ወዲያውኑ ማኅደሮችን ማገላበጥ ጀመሩ።

ያገኙት አስደንጋጭ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች በዚያው ሶፍትዌር የኢሜይል መድረክ ላይ የደከመውን በጎ ፈቃደኛ ኃላፊ ሥራውን ለሌላ እንዲያጋራ ሲጎተጉቱት ቆይተዋል። በኋላም ኃላፊነቱን የተጋራው ሰው ነው የተበከለውን ሶፍትዌር ያሰራጨው።

አደባባዩ ሴራውን አላስቀረውም። ግፊቱ የተደረገው በስልክ ቢሆን ኖሮ ግን ዱካውን መከተል እጅግ አዳጋች በሆነ ነበር።

በመሆኑም የብዙ ማኅበረሰቦች ልምድ ወደ መካከለኛው መንገድ ያመራል። ፈጣን ንግግር ሲያስፈልግ ይደወላል፤ የተባለው ተጠቃልሎ ይጻፋል፤ ውሳኔው ግን ያልተገኙት ሐሳባቸውን እስኪሰጡ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ያኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኝቶ የነበረው ባለሙያ ጠዋት ሲነቃ የሚጠብቀው ገና መልሱን የሚሻ ጥያቄ ይሆናል።