የውሻ ክርን ሲታመም፦ ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ይረዳል?

ውሻ ሲቆም ከሰውነቱ ክብደት 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። ስለዚህ የፊት እግር መታጠፊያ የሆነው ክርን ሲታመም እንስሳው ሮጦ መጫወት ቀርቶ ከተኛበት መነሣት እንኳ ይቸግረዋል። ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ሮትዋይለርና ጀርመን ሼፐርድ በመሳሰሉት ፈጥነው በሚያድጉ ትላልቅ ዝርያዎች ላይ በብዛት የሚታየው የክርን ሕመም «ዲስፕላዢያ» ይባላል፤ ያልተስተካከለ እድገት ማለት ነው። በዚህ ጽሑፋችን የሕመሙን አፈጣጠርና የቀዶ ሐኪሞችን አማራጮች እንመለከታለን።

ሦስቱ አጥንቶች

የክርን መገጣጠሚያ የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው፤ ከላይ ሑመረስ፣ ከታች ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙት ራዲየስና አልና ይገኛሉ። ሁለቱ የታችኛው አጥንቶች እኩል ካላደጉ መገጣጠሚያው ይዛባል። ራዲየስ ሲያጥር ሸክሙ ወደ አልና ያዘነብልና በውስጠኛው ጎን ያለው ኮሮኖይድ የተባለ ትንሽ ጉጥ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴም ተሰብሮ ይላቀቃል። ከሕመሙ መልኮች በብዛት የሚታየው ይህ ነው። በአንጻሩ አልና ሲያጥር ሑመረስ ወደ ላይ ይገፋና አንኮኒያል የተባለው ሌላው የአልና ጉጥ ከዋናው አጥንት ጋር ሳይዋሐድ ሊቀር ይችላል። በጀርመን ሼፐርድ ይህ ውሕደት እስከ 20ኛው ሳምንት ገደማ መጠናቀቅ ይኖርበታል። ሦስተኛው መልክ በሑመረስ ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ከሥሩ ተላቆ የሚነሣበት ነው።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው አንድ ዓመት ሳይሞላው ይጀምራል። ነገር ግን ሁለቱም ክርኖች በአንድነት ከታመሙ ቡችላው በግልጽ ላያነክስ ይችላል፤ ርምጃው ያጥራል፣ ቶሎም ይደክማል። ባለቤቱም ስንፍና ይመስለዋል። ራጅ ቢነሣም አጥንቶቹ በምስሉ ላይ ስለሚደራረቡ የኮሮኖይድ ስብራት ሊሰወር ይችላል። ሲቲ ስካን ይህን በተሻለ ሁኔታ ያሳያል።

የቀዶ ሐኪሙ አማራጮች

በኮሮኖይድ ሕመም በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ አርትሮስኮፒ ነው። ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ስባሪውንና የተበላሸውን ልም አጥንት ያወጣል። ይህም የሕመሙን አንድ ምንጭ ያስወግዳል። ሆኖም ያለቀው ልም አጥንት እንደ ቀድሞው ሆኖ አይተካም፤ የመገጣጠሚያው ብግነትም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በዝግታ ይቀጥላል።

ያልተዋሐደው አንኮኒያል በወጣት ውሻ ላይ በብሎን ሊታሰር ይችላል። አልናን ቆርጦ ነጻ ማድረግም ግፊቱን ስለሚያቀልለው ውሕደቱን ያግዛል። ጉጡ ከተበላሸ ግን ይወጣል።

የውስጠኛው ጎን ልም አጥንት ተፍቆ ካለቀ ስባሪ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጊዜ ሑመረስ ተቆርጦ በጥቂቱ ወደ ጎን ይገፋና በብረት ሳንቃ ይታሰራል፤ ዓላማው ሸክሙን ጤናማ ወደሆነው የውጭ ጎን ማዛወር ነው። ሕመሙ መላውን መገጣጠሚያ ካዳረሰ ክርኑን በብረትና በፕላስቲክ በተሠራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ይቻላል። ይሁን እንጂ ኢንፌክሽን፣ የአካሉ መላላትና የአጥንት ስብራት የሚያሰጉ ችግሮች ናቸው። የመጨረሻው አማራጭ ክርኑ ዳግመኛ እንዳይታጠፍ አጥንቶቹን አንድ ላይ ማዋሐድ ነው። ሥቃዩ ይቀንሳል፤ እግሩ ግን እንደ ምርኩዝ ደርቆ ይቀራል።

ከቢላዋው በፊትና በኋላ

ከዚህ እንደምንረዳው እያንዳንዱ አማራጭ አንድ ነገር ሰጥቶ ሌላ ነገር ይወስዳል። ውሳኔው የሚመዘነው በውሻው ዕድሜ፣ በልም አጥንቱ ይዞታና በባለቤቱ አቅም ነው። ቀዶ ሕክምና ቢደረግም ባይደረግም ክብደትን መቆጣጠር፣ የተመጠነ እንቅስቃሴና የሥቃይ ማስታገሻ አስፈላጊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ የዕድሜ ልክ ጥናት 48 ላብራዶሮችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታትሎ ነበር። ከሌላው ቡድን 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች የመገጣጠሚያ ብግነት ዘግይቶ ታይቶባቸዋል፤ መካከለኛ ዕድሜያቸውም 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር።

ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ጠባይ ስላለው ዋናው መከላከያ ለእርባታ የሚመረጡትን ውሾች መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የክርን ጥናት ቡድን የራጅ ምስሎችን ከ0 እስከ 3 በደረጃ የሚመድብ ሥርዓት አዘጋጅቷል፤ ደረጃ 0 ጤናማ፣ ደረጃ 3 እጅግ የተጎዳ ነው። መልካም ገጽታ ያለውና በገበያ የሚፈለግ ውሻ ክርኑ ታማሚ ሆኖ ሲገኝ ከእርባታ ማስወጣት ለአርቢው ኪሳራ ነው። ካላስወጣው ግን ኪሳራውን የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱት ቡችሎች ይሆናሉ። እነርሱ ደግሞ ሥቃያቸውን በቃል የመናገር ችሎታ የላቸውም።